«ስንት ላክሽልኝ?» ድምፅ ያቆራረጣቸው አበልጆች

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር ወይም ስለ ትዳር አይደለም። ሆኖም ፍቅርንም፣ ጉርብትናንም፣ አንዳንዴ ትዳርንም የሚያናጋ ነገር ነው። «የሕዝብ ምርጫ» ይሉታል። የፖለቲካውን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለባለቤቶቹ እንተወው! እኔ የምላችሁ «የዓመቱ ምርጥ ድምፃዊ»፣ «የዓመቱ ቆንጆ»፣ «የዓመቱ ተወዳጅ ባለሙያ» እየተባለ በስልክ መልእክትና በኢንተርኔት ድምፅ የሚለቀምበትን ውድድር ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ «በናትሽ ይቺን ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ» የሚል ልመና ያልደረሰው ማን አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በምኖርበት ሰፈር ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የሴቶች ፀጉር ቤቶች አሉ። ባለቤቶቹ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው ይቆየን። ትልቋ ሹሩባ መሥራትን ለትንሿ ያስተማረች ናት። ለዓመታት በአንድ ቤት፣ በአንድ መስታወት ፊት ሠርተዋል። ትንሿ የራሷን ቤት ስትከፍት የመጀመሪያዎቹን ቢጎዲኖች በፌስታል ቋጥራ የሰጠቻት ትልቋ ነበረች። በዚህ ላይ የትንሿን ሴት ልጅ ክርስትና አንስታላታለች። ስለዚህ ሁለቱ አበልጆች ናቸው። አበልጅነት ደግሞ በአገራችን ቀልድ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ!

አንድ ድርጅት «ተወዳጇ የውበት ባለሙያ» የሚል ውድድር አወጣ። ሁለቱም ተመዘገቡ። መጀመሪያ ላይ እየተሳሳቁ ነበር። «አንቺ ካሸነፍሽ እኔ እጨፍራለሁ» ትላለች አንዷ። «አንቺ ካሸነፍሽ ድግሱ በእኔ ነው» ትላለች ሌላዋ። ዳኛው ግን ባለሙያ አልነበረም፤ ዳኛው የስልክ መልእክት ነበር። ብዙ መልእክት የተላከላት ታሸንፋለች። ያውም አንድ ሰው አንዴ ብቻ ይላክ የሚል ሕግ የለም፤ ካርድህ እስኪያልቅ መላክ ትችላለህ። የአንዱ መልእክት ዋጋ ከተራው መልእክት ይበልጣል። ቆም ብላችሁ አስቡት… ይህ ድምፅ መስጠት ነው ወይስ ድምፅ መግዛት?

በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቆመ። ፀጉሬን ልሠራ ስገባ ከ«እንዴት ነሽ» በፊት «ስንት ላክሽልኝ?» ሆነ ሰላምታው። እኔ ሁለቱም እህቶቼ ናቸውና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ላክሁ። ይህን በግልጽ ነገርኳቸው። ወይ ጉድ! ሁለቱም አኮረፉኝ። «አንድ ብቻ?» አለች ትልቋ። «ለእሷም ላክሽ?» አለች ትንሿ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩል መሆን ራሱ እንደ ጠላትነት ተቆጠረብኝ።

ሐሜቱም ተከተለ። «ይቺ እኮ ሲም ካርድ በጅምላ ገዝታ ለሠራተኞቿ አከፋፈለች» ተባለ። «ያቺ ደግሞ ሃያ መልእክት ለላከ በነፃ ትሠራለች» ተባለ። ውጭ አገር ያሉ የትንሿ ዘመዶች በአጭር ቁጥሩ መላክ ስለማይችሉ እዚህ ላሉት ካርድ እየሞሉ ያስልኩላት ጀመር። በር ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ምስኪን ልጅ ደግሞ ትልቋን ላለማስቀየም የቀን ትርፏን በሙሉ በመልእክት ጨረሰችው። ልብ በሉ፤ ይቺ ልጅ በዚያ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም!

ታዲያ ማን አሸነፈ? ሁለቱም አላሸነፉም። በሌላ ሰፈር ያለች፣ ማናችንም የማናውቃት ሴት ወሰደችው። እኛ ሰፈር የቀረው ጠብ ብቻ ነው።

አንባቢያን ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሳ። የድምፅ ብዛት የሚለካው ምንድን ነው? እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ፤ የተራቀቀ ትንታኔ አልችልበትም። ነገር ግን ተማሪ ቤት የክፍል አለቃ ስንመርጥ አስታውሳለሁ። እጅ የሚወጣው ለጎበዙ ልጅ አልነበረም፤ ኳስ ላለውና የኋላ ወንበሮችን ለያዘው ልጅ ነበር። ስልኩም ያው ነው። የሚቆጥረው ሙያን ሳይሆን ዘመድን፣ ይሉኝታንና የካርድ ብዛትን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ አንበሳው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ግን ድሩ አያውቅም።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ የምርምር ተቋም 200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለሚያወጣ የዋልታ ምርምር መርከብ ስም እንዲያወጣለት ሕዝቡን በኢንተርኔት ጠየቀ። ሕዝቡ ምን ቢመርጥ ጥሩ ነው? «ቦቲ ማክቦትፌስ»! በእኛ ቋንቋ «ጀልቢት ጀልባ-ፊት» እንደ ማለት ነው። ከ124 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ባለሥልጣናቱ ግን መርከቡን በታዋቂው የተፈጥሮ ፊልም ሠሪ በሰር ዴቪድ አተንቦሮ ስም ጠሩት፤ ቧልቱን ለአንዲት ትንሽ ሰው አልባ ሰርጓጅ መሣሪያ ሰጡት። በ2009 ደግሞ የአሜሪካው «ታይም» መጽሔት በዓለም ላይ ተጽዕኖ ፈጣሪው ሰው ማን እንደሆነ በኢንተርኔት አስመረጠ። አንድ የ21 ዓመት ወጣት የኢንተርኔት ገጽ ባለቤት ከ16 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ ባራክ ኦባማንና ቭላድሚር ፑቲንን በለጠ። ደጋፊዎቹ በኮምፒውተር ፕሮግራም ድምፅ ያዘንቡለት ነበር። ይባስ ብለው ከላይ እስከ ታች የተደረደሩትን የ21 ሰዎች ስሞች የመጀመሪያ ፊደል ሲያነቡት የራሳቸውን ቀልድ እንዲሰጥ አድርገው አሰለፉት። እንግዲህ የታይምን ድምፅ ቆጣሪ እንዲህ ከተጫወቱበት የእኛ ሰፈሩማ ምን ይባላል?

«ታዲያ ሕዝብ አይመርጥ ልትዪ ነው?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ አባት ይህንኑ ብለውኛል። «ዳኛ በዘመድና በጉርሻ ይታለፋል፤ ሕዝብ ግን ብዙ ነው፣ ሁሉንም ማጉረስ አይቻልም» አሉኝ። እውነት አላቸው። በዳኛ ዘንድ ዘመድ የሌለው የድሃ ልጅ በሕዝብ ድምፅ ብቅ ሊል ይችላል። በአውሮፓው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ይህ ክርክር ለዓመታት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአብዛኞቹ አገሮች የስልክ ድምፅ የዳኞችን ቦታ ያዘ። «ጎረቤት ለጎረቤት፣ ስደተኛም ለአገሩ ብቻ ይመርጣል» የሚል ቅሬታ ሲበዛ በ2009 ዳኞች በፍጻሜው ላይ ተመለሱና ውጤቱ ግማሽ ለግማሽ ሆነ። ይህም ቢሆን ንትርኩን አላጠፋውም። በ2023 የፊንላንዱ ዘፋኝ ከሕዝብ 376 ነጥብ፣ ከዳኞች ግን 150 አገኘ። የስዊድኗ ሎሪን ደግሞ ከሕዝብ 243፣ ከዳኞች 340 አግኝታ በ583 ለ526 አሸነፈች። እስካሁን «ተበደለ» የሚል አለ፤ «ይገባታል» የሚልም አለ። እኔን ግን በዚያ ውድድር የሚያስቀናኝ አንድ ሕግ ነው፤ ማንም ለገዛ አገሩ ድምፅ መስጠት አይችልም! እኛ ሰፈር ይህ ሕግ ቢኖር ኖሮ ስንቱ እንቅልፍ ባገኘ!

የእኛዋን ትዕግሥት አሰፋንም አስታውሱ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያው የውድድር ዘመን የዓለም አትሌቲክስ ከስታዲየም ውጭ ባሉ ውድድሮች የዓመቱ ምርጥ ሴት አትሌት ብሎ መረጣት። በዚያ ምርጫ የሕዝብ ድምፅ ድርሻ 25 በመቶ ነበር፤ 25 በመቶው የአትሌቲክሱ ቤተሰብ፣ 50 በመቶው የምክር ቤቱ። ደስ የሚለው ነገር ማንም ድምፅ ሳይሰጥ ሰዓቱ አስቀድሞ ፈርዶላት ነበር። እንዲህ ያለ ሰዓት ያለው ሰው ታድሏል! ለሹሩባ፣ ለወጥ፣ ለዘፈን ግን ሰዓት መያዣ የለም። ለዚህ ነው በእነሱ የምንጣላው።

እንግዲህ እንደ ልማዴ ምክሬን ልሰንዝር።

አንደኛ፤ መወዳደር የምትፈልጉ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ድምፁን የሚቆጥረው ማን ነው? ከመልእክቱ ገንዘብ የሚጠቀመውስ ማን ነው? አዘጋጁ ከመልእክቱ የሚያተርፍ ከሆነ ጠባችሁ ለእሱ ገበያ ነው። በተናደዳችሁ ቁጥር እሱ ይሸጣል።

ሁለተኛ፤ ወዳጅ አይለመን አይባልም፤ አንዴ ለምኑ፣ ከዚያ ተዉት። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» ይባል የለ? ስልኩን ተቀብሎ «እስቲ የላክሽውን ልይ» ማለት ወዳጅን መፈተሽ ነው። የተፈተሸ ወዳጅ ደግሞ ሁለተኛ በዚያ በር አይገባም። በተለይ ከእናንተ በታች ያለውን ሠራተኛ፣ ሻይ ሻጯን፣ ተላላኪውን አትጠይቁ። እነሱ «አይሆንም» ማለት አይችሉምና።

ሦስተኛ፤ ድምፅ የምትሰጡ ደግሞ ላላያችሁት ሙያ አትመስክሩ። «ዘመዴ ናት» ማለት ፍቅር ነው፣ ግን ምስክርነት አይደለም። ፍቅራችሁን ለመግለጽ ከፈለጋችሁ ሄዳችሁ ፀጉራችሁን ተሠሩ፤ ብሩ ከአዘጋጁ ኪስ ይልቅ እጇ ላይ ይገባል።

አራተኛ፤ ከልብ ወዳጃችሁ ጋር በአንድ ወንበር አትወዳደሩ። ግድ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ በምስክር ፊት ተነጋገሩ፤ «ማንም ቢያሸንፍ በማግሥቱ አብረን ቡና እንጠጣለን» ተባባሉ። ፉክክር ክፉ አይደለም። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ያለው ሰው እኮ ሞኝ አልነበረም! እነዚያ ሁለት ሴቶች እጃቸውን የሳሉት አንዷ የሌላዋን ሹሩባ እያየች ነው። ያበላሻቸው መፎካከራቸው ሳይሆን ሙያውን የማያይ ዳኛ መሀላቸው መግባቱ ነው።

ዛሬ ምን ላይ ናቸው ትሉኝ ይሆናል። በመንገድ ሲተላለፉ አንገታቸውን ያዞራሉ። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፤ «እኔ ምን አደረግኋት?» ብለው ሁለቱም በየፊናቸው መለሱት። የስድስት ዓመቷ ልጅ ግን ስለ መልእክቱም ስለ ሽልማቱም አታውቅም። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገዱን ትሻገርና ክርስትና እናቷ ጋ ገብታ ፀጉሯን ትሠራለች። እናቷ በመስኮት ታያታለች፤ ግን አትከለክላትም። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚች አለመከልከል ላይ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ስማችሁን አልጠቅስም። ድምፅ ግን አትላኩልኝ! ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ሰላም ቆዩኝ።