ቤተሰብ ናት

እስቲ ልንገራችሁ። በሰፈራችን አንዲት ሞግዚት ነበረች። የአሠሪዎቿ ልጅ አፍ የፈታችው በእሷ እጅ ነው። ገንፎው ከበረደ እንደማትቀምስ፣ ብርድ ሲሆን ግራ ጆሮዋን እንደሚያማት፣ ፀጉሯን ካላሻሿት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ለይታ የምታውቀው እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ «ኧረ እሷ እኮ ቤተሰብ ናት!» ይባልላት ነበር።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ቤተሰብነቱ አበቃ። የወሩ ደመወዝ ተቆጥሮ ተሰጣት፤ ልብሷ በፌስታል ታሰረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ቅጥር አይሸፍንም፤ ስለ ስንብት ክፍያም ያነሳ የለም። ሕጉ ባያስገድድስ? ይሉኝታ የት ሄደ?

ኋላ ሱቅ በር ላይ አግኝቻት እንዳጫወተችኝ፣ አንድ ማታ እመቤቲቱ ደውለውላት ነበር። ደስ ብሏት አነሳችው። «ልጅቷ አልተኛም ብላ አስቸገረችን፤ ያቺ የምታንጎራጉሪላት እንዴት ነበረች?» አሏት። ታዲያ ምን ታድርግ? ትወዳታለች። በስልክ እያንጎራጎረች አስተኛቻትና መስመሩ ተዘጋ። የት እያደርሽ ነው፣ ሥራስ አገኘሽ ወይ ያላት የለም። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነበር፤ እንጉርጉሮው ይደርሳል።