የጣሪያው ማራገቢያና የሐጂ ዓሊ መቃብር

ከአሪዞናዋ ፊኒክስ ተነሥቶ ወደ ካሊፎርኒያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ ሰው 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ኳርትዝሳይት ወደምትባል የበረሃ ከተማ ይደርሳል። ቋሚ ነዋሪዋ ጥቂት ሺህ ነው። በቅዝቃዜው ወራት ግን የሰሜኑን በረዶ የሸሹ ጡረተኞች ቤታቸውን በጎማ እየነዱ ይመጡና ሜዳው ሁሉ ነጫጭ መኪና ይለብሳል። ለእነዚሁ እንግዶች መንግሥት የከለለው ላ ፖሳ የሚባል ሰፊ መስክ አለ፤ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ይሰፈርበታል። የመብራት መስመር የለውም፤ ዛፉም ቁጥቋጦ ነው። ሰው ያመጣውን ይዞ ይኖራል።

ወደዚያ ሁለት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያው ጉዞ አንድ ሌሊት እንኳ አልሞላም።

ውድ አንባቢያን፣ አሜሪካኖች ሞተርሆም የሚሉት ቤት መኪና አልጋ፣ ማድቤት፣ መታጠቢያና መጸዳጃ በአንድ ላይ የያዘ ተሽከርካሪ ነው። ዊኒቤጎ የተባለው የአዮዋ ኩባንያ በ1966 ማምረት ከጀመረ ወዲህ ተራው ቤተሰብም እየገዛው መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ የገዛነው በ1978 የተሠራ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ ነው። ርካሽ ነበር። ባለቤቴ ለምን ርካሽ እንደሆነ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ መልሱን ያወቅነው በኋላ ነው።

እናቴ ከድሬዳዋ የመጣችው በኦክቶበር መጀመሪያ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መገናኘታችን ነው። የተፈቀደላት ቆይታ ስድስት ወር ሲሆን፣ እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስንውል እሷ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ ትውላለች። በሁለተኛው ሳምንት፣ “እዚህ አገር ሰማይ የለም እንዴ?” አለችኝ። ሰማይ ላሳያት ብዬ ኳርትዝሳይት ወሰድኳት።

ቀትር ላይ ደረስን፤ ውጭው 33 ዲግሪ ነበር። የመኪናው ጣሪያ አሉሚኒየም ስለሆነ ውስጡ እንደ ምድጃ ነዶ ቴርሞሜትሩ 41 ላይ ቆመ። ጣሪያው ላይ ሁለት መተንፈሻዎች ነበሩ። የማድቤቱን ክዳን የቀድሞው ባለቤት ዝናብ አስገብቶበት ኖሮ ዙሪያውን በሲሊኮን ለጥፎታልና አይከፈትም። የመጸዳጃው ማራገቢያ ደግሞ ክንፉ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን ድምፁ ወፍጮ ነው፤ ንፋሱ ሻማ አያጠፋም። እናቴ ይህን አታውቅምና እንደ ልማዷ ቡናዋን መቁላት ጀመረች። ጭሱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ተንሳፈፈ። አስም አለባት። ሳሏ እየባሰ ሄዶ ሌሊቱን ተቀምጣ አሳለፈች፤ ገና ሳይነጋ ተመለስን። በመንገድ ላይ “በዚህ ሣጥን ውስጥ ዳግመኛ አልገባም” ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም።

በጣሪያ ላይ የሚገጠም አየር ማቀዝቀዣ ለምን አልገዛህም ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። እሱ የሚፈልገው ኃይል 1500 ዋት ያህል ስለሆነ መብራት በሌለበት ሜዳ ጄኔሬተር ሲጮህ ሊያድር ነው። ሰማይ ለማየት ሄዶ የሞተር ጩኸት መስማት ምን ይሉታል? ደግሞም የእናቴ ችግር ሙቀቱ ብቻ አልነበረም፤ የታፈነው አየር ነው። አየር ማቀዝቀዣ ያንኑ የውስጡን አየር እያዞረ ያቀዘቅዛል እንጂ ጭሱን ወደ ውጭ አያወጣም።

የአሜሪካ ቤት መኪናዎች አንድ መልካም ነገር አላቸው። የጣሪያ መተንፈሻው ቀዳዳ ከድሮ ጀምሮ በአብዛኛው አንድ ልክ ነው፤ በአራቱም ጎን 14 ኢንች፣ ማለትም 35 ተኩል ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ ዛሬ የተሠራ ማራገቢያ በ1978 በተቆረጠ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሥራ የታወቁት ፋንታስቲክ ቬንትና ማክስኤር ናቸው። ሙሉ ፍጥነት ላይ በደቂቃ 900 ኪዩቢክ ጫማ ወይም 25 ሜትር ኩብ ያህል አየር እንደሚያወጡ ይነገርላቸዋል። የእኛ መኪና ውስጡ ርዝመቱ 6 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው፤ ሲባዛ 27 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንግዲህ በወረቀት ላይ የቤቱ አየር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተለወጠ ማለት ነው። የወባ ትንኝ ወንፊቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ቢሆንም ከወፍጮው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሁለት ገዛሁና በዲሴምበር ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራን ጀመርን። ረዳቴ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ነው። ብሎኖቹ ዝገው ካቻቢቴ አልያዛቸው ስላለ ግማሾቹን በመብሻ አጠፋናቸው። ሲሊኮኑ ግን ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ሲሊኮን ጣሪያ ላይ የሚቀባ ሰው የሚቀጥለውን ሠራተኛ ይጠላል ማለት ነው፤ እሱ ባለበት ቦታ ሌላ ማጣበቂያ አይዝም፤ እስከ መጨረሻው ተፍቆ መውጣት አለበት። አሮጌውን ክፈፍ ስናነሣው ደግሞ ከሥሩ ያለው ሞራሌ በስብሶ በጣት ይፈረፈር ነበር። ዝናቡ ለዓመታት በብሎኖቹ ቀዳዳ እየሰረገ እንጨቱን በልቶታል። አዲሱን ማራገቢያ በዚያ ላይ ብንገጥመው ብሎኑ የሚነክሰው ነገር ባላገኘ ነበር። በአራቱም ጎን አዲስ ሞራሌ ቆርጠን አስገባን። ባለቤቴ ከመሰላሉ ሥር ቆማ፣ “ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው” አለች። ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ቆርቆሮው ይጸዳል፤ በክፈፉና በቆርቆሮው መካከል ቡቲል የሚባል እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ጥብጣብ ይነጠፋል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ትርፉ በዙሪያው ይወጣል። በብሎኖቹ ራስ ላይ ደግሞ ለጣሪያ የተዘጋጀ፣ በራሱ እየፈሰሰ የሚስተካከል ማሸጊያ ይደረጋል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሽቦው ነው። በአሮጌ መኪና ውስጥ የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ስንት እጅ ገብቶበታል። የድሮው ማራገቢያ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቢቀያየር ወደ ኋላ ይዞራል እንጂ አይሞትም። አዲሱ ግን ኤሌክትሮኒክስ ያለበት ስለሆነ ሊቃጠል ይችላል። ልጄ በቴስተር ለክቶ፣ “አባዬ፣ ጥቁሩ ነው ፖዘቲቩ” ሲለኝ አላመንኩትም ነበር። ራሴ ስለካው ልክ ነበር። ፊውዙንም አዲስ አደረግነው።

የኤሌክትሪክ ሒሳቡ አያስጨንቅም። በ12 ቮልት ሙሉ ፍጥነት ላይ 3 አምፔር ገደማ ይበላል፤ ዝቅተኛው ላይ ከግማሽ አምፔር አይበልጥም። ሌሊቱን አሥር ሰዓት ዝግ ብሎ ቢሠራ አምስት አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህን አይሰማውም።

እናቴን ማሳመን ከሲሊኮኑ የባሰ ነበር። የመመለሻዋ ቀን ለኤፕሪል መጀመሪያ ተቆርጧል፤ የትምህርት ቤት ዕረፍት የነበረው በማርች መጨረሻ ነው። ልጆቹ ካልሄድሽ አንሄድም አሏት። በመጨረሻ መኪናውን ደጃፍ ላይ አቁሜ ሽንኩርት እየጠበስኩ ማራገቢያውን ከፈትኩት። በር ላይ ቆማ ጭሱ ተስቦ በጣሪያው ሲወጣ ተመለከተች። “ባልቀምሰውም ሽንኩርትህ አርሯል” አለችኝና ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ሄደች።

ሁለተኛው ጉዞ በ29 ዲግሪ ሙቀት ጀመረ። በማራገቢያ የሚሳሳት ሰው መስኮቱን ሁሉ ይከፍታል፤ ያኔ አየሩ በቅርብ ካለው መስኮት ገብቶ ይወጣና ሰው ያለበት አይደርስም። እኛ የፀሐዩን ወገን ዘግተን ከአልጋው አጠገብ በጥላው በኩል ያለውን አንዱን ብቻ ከፈትን። እናቴ ይህን ስታይ ነጠላዋን በውሃ ነክራ ጨመቀችና በዚያው መስኮት ላይ ሰቀለችው። “ድሬዳዋ ውሃ የሚቀዘቅዘው እንዴት ይመስልሃል?” አለች። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለውን የልጅነቴን ኮዳ አስታወስኩ። የበረሃው አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ወደ አልጋው የሚመጣው ንፋስ ቀዝቃዛ ሆነ። ይህን የሚያህል ነገር በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አላነበብኩም።

ከሰዓት በኋላ ግን ተጣላን። ውጭ ንፋስ ስለነበር የከሰል ምድጃዋን ወደ ውስጥ እንዳስገባላት ጠየቀችኝ፤ “አሁንማ ጭሱን የሚወስድ አለ” አለች። እምቢ አልኩ። የከሰል ክፋቱ ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። ማራገቢያ ሊቆም ይችላል፤ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል። ደግሞም መስኮት ሁሉ ተዘግቶ የሚያስወጣ ማራገቢያ ከተከፈተ አየሩን ካገኘበት ቀዳዳ ይስባል፤ ሞተር ወይም ጄኔሬተር እየሠራ ከሆነ የእነሱንም ጭስ ሳይቀር ወደ ውስጥ ይጎትታል። ለዚህ ብዬ ማስጠንቀቂያ ደወል ሰቅያለሁ፤ ደወል ስላለ ግን ከሰል አይገባም። “እናቴን ልታስተምረኝ ነው?” አለች። አገር ቤት ለብርድ ብለው ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁትን ሰዎች አነሣሁላት። መልስ አልሰጠችኝም። ምድጃውን መኪናው በሚጋርደው ወገን መሬት ላይ አስቀምጬ ነፋሱን በካርቶን ከለልኩላት፤ ቡናው ተፈላ፤ ለሁሉም ቀዳች፤ እኔን ግን እስከ ማታ አላናገረችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ከተማዋ መቃብር ሄድን። በመካከሉ ከድንጋይ የተሠራ ፒራሚድ አለ፤ በጫፉ ላይ የመዳብ ግመል ቆሟል። የተቀበረው ሰው ሐጂ ዓሊ ነው፤ አሜሪካኖቹ ስሙን መጥራት ስላልሆነላቸው “ሃይ ጆሊ” ብለውት ቀርተዋል። በ1828 ገደማ በኦቶማን ግዛት እንደተወለደ ይነገራል። የጦር ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ዴቪስ ለምዕራቡ በረሃ ግመል እንዲመጣ ባደረገ ጊዜ ከግመሎቹ ጋር በ1856 ቴክሳስ ከወረዱት ግመለኞች አንዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኤድዋርድ ቢል በበረሃው መንገድ ሲቀይስ ግመሎቹ ዕቃ ተሸክመው ተጓዙ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ነገሩ ተተወ፤ ግመለኛው ግን አገሩ አልተመለሰም። በ1902 እዚሁ ሞተ፤ ፒራሚዱን የአሪዞና የመንገድ መሥሪያ ቤት በ1935 አቆመለት።

እናቴ ግመሉን ቀና ብላ አየችውና፣ “ይህን እንስሳ ከዚህ አገር አገኘሁት” ብላ ሳቀች። በ1880 የአሜሪካ ዜግነት ሲወስድ ፊሊፕ ቴድሮ በሚል ስም መሆኑን ነገርኳት። ጥቂት አሰበች። “ልቡን አላህ ያውቃል” አለችና እጇን አንሥታ ዱዓ አደረገች። ልጆቹም ተከተሏት። ስንመለስ፣ “ወላጆቹ የት እንደተቀበረ አያውቁም” አለችኝ። ከትናንት ጀምሮ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

የዚያን ዕለት ቡናዋን የቆላችው ውስጥ፣ በጋዙ ምድጃ ላይ ነው። መስኮቱ ተከፈተ፤ ማራገቢያው ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆነ፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። እንደ ልማዱ ሊያሸተን ምጣዱን ስታዞር ጭሱ ከእጇ እየተነጠቀ ስለሄደ፣ “ይኼማ ሽታውንም ይወስደዋል፤ ቀንስልኝ” አለች። ቀነስኩት። አላሳላትም።

ሌሊት የጣሪያው ክዳን እንደተከፈተ ተኛን። ከአልጋዋ ሆና በካሬዋ ቀዳዳ ውስጥ ኮከብ ትቆጥር ነበር። እኔ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ጠራችኝ።

“አቤት፣ እማዬ።”

“ዝጋልኝ፤ በረደኝ።”