ሜዳ የሌለው ባለሜዳ

ዋሊያዎቹ በተሸነፉ ማግስት ማጀቴ ውስጥ ሻይ ቤት ብትቀመጡ፣ ባጃጅ ብትሳፈሩ፣ ፀጉር ቤት ተራ ብትጠብቁ የምትሰሙት አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ አሰልጣኝ መባረር አለበት!» ደጋፊ ከሆንኩ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። የሰውዬው ስም ይቀያየራል እንጂ ፍርዱ ያው ነው። ይባረራል፣ ሌላ ይመጣል፣ ጥቂት ወር ይሞገሳል፣ ከዚያ እሱም ይባረራል።

እኔ ዛሬ ለየትኛውም አሰልጣኝ ጠበቃ ልቆም አልመጣሁም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በዚህ አገር አሰልጣኝ የማይቆጥር ሰው የለም፤ ሜዳውን የሚቆጥር ግን አላየሁም።

እስቲ መጀመሪያ ሰዎቹን እንቁጠር። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱን። ለዓለም ዋንጫም የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ እስኪቀረን አደረሱን፤ እዚያ ናይጄሪያ አስቀረችን። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ቡድኑ በቻን ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ሲሸነፍ ተሰናበቱ። ከዚያ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። ቀጥሎ ዮሐንስ ሳህሌ። ቀጥሎ ገብረመድኅን ኃይሌ። ቀጥሎ አሸናፊ በቀለ። ቀጥሎ አብርሃም መብራቱ። ቀጥሎ ውበቱ አባተ። ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ስድስት ሰው! ለእያንዳንዳቸው ብናካፍለው አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይደርሳቸውም። በእኛ ቆላ አንድ የማንጎ ችግኝ ተክሎ ፍሬውን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ይታገሣል።

«ትልልቆቹስ ያባርሩ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ያባርራሉ። እኔ ራሴ የማንቼ ደጋፊ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ መባረር ማንም አያስተምረኝም። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጡ በኋላ ሞይስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንዮ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም ተፈራርቀዋል። ጊዜያዊዎቹን ሳንቆጥር እነሱም እስከ 2024 ድረስ ስድስት ናቸው። ውጤቱስ? በ2024/25 የውድድር ዘመን ማንቸስተር ዩናይትድ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዲኤስቲቪ ቤቱ የአርሰናል ደጋፊዎች ያወረዱብኝን መዓት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ያን ሁሉ ገንዘብ የያዘ ክለብ አሰልጣኝ በመለዋወጥ ካልዳነ፣ የእኛው በምን ተአምር ይድናል?

ልዩነቱ ግን እዚህ ጋ ነው። ዩናይትድ አሰልጣኙን ሲያባርር ኦልድትራፎርድ እዚያው አለ። ጣራው ቢያፈስም አለ። አዲሱ አሰልጣኝ ሲመጣ ቤት ውስጥ ነው የሚገባው። የእኛ አዲስ አሰልጣኝ የሚረከበው ግን ሻንጣ ነው።

አሁን ደግሞ ሜዳውን እንቁጠር። ዋሊያዎቹ ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ያለፉበትን ማጣሪያ አስታውሱ። ምድቡ ውስጥ አይቮሪኮስት፣ ማዳጋስካርና ኒጀር ነበሩ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 አሸነፍን። በኅዳር 2013 አዲስ አበባ ላይ ኒጀርን 3 ለ 0። በመጋቢት 2013 እንደገና ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0። ከሜዳችን ውጭስ? በማዳጋስካር 1 ለ 0፣ በኒጀር 1 ለ 0፣ በአይቮሪኮስት 3 ለ 1 ተሸነፍን። ስድስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ነጥብ፤ ዘጠኙም ነጥብ በአገራችን ሣር ላይ የተለቀመ። በሜዳችን ዘጠኝ ጎል አገባን፤ ከሜዳችን ውጭ አንድ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ማጣሪያ መካከል አሰልጣኝ ተቀይሯል። አይቮሪኮስትን ባሕር ዳር ላይ ያሸነፉት አብርሃም መብራቱ ናቸው። ኒጀርንና ማዳጋስካርን ያሸነፉት ውበቱ አባተ ናቸው። ሁለቱም በሜዳቸው አሸነፉ፤ ሁለቱም ከሜዳቸው ውጭ ተሸነፉ። ሰውዬው ተቀየረ፤ ውጤቱ ግን ሜዳውን ተከትሎ ሄደ።

ይህ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አልጄሪያ በሜዳዋ 7 ለ 1 ቀጥታናለች። በዚያው ሳምንት፣ ያው አልጄሪያ፣ ያው የእኛ ቡድን፣ ያው አሰልጣኝ፤ አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 3! አሰልጣኙ ዮሐንስ ሳህሌ ብዙም ሳይቆዩ ተሰናበቱ። የሰባቱ ጎል ዕዳ በእሳቸው ስም ተጻፈ፤ የሦስቱን ጎል ትርጉም ግን ማንም አልጠየቀም።

የ2005ቱም ታሪክ ያው ነው። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን ነበር። ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። ከአጎቴ ጋር በዋዜማው ከማጀቴ ተነሥተን፣ ደብረ ሲናን አቋርጠን፣ ሌሊቱን ሰልፍ ላይ ቆመን ነው የገባነው። የቆላ ልጅ የአዲስ አበባን የጥቅምት ብርድ እንዴት እንደሚችለው የደረሰበት ያውቀዋል። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰይድ ደገመ፤ 2 ለ 0። በድምር 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች አለፍን። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ወርውረው አላገኙትም፤ አልፈለጉትምም። ወደኋላ ብንሄድም ያው ነው። በ1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው ተሰማ ባሠለጠኑት፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል በሆነበት ቡድን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድነው አዲስ አበባ ላይ ነው።

ሜዳ ማለት ሣርና መስመር ብቻ አይደለም። ይህን ለማወቅ ስታዲየም መግባት አያስፈልግም፤ ማሽላ ከታጨደ በኋላ የእኛን ሰፈር ልጆች ጨዋታ ማየት ይበቃል። ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ ቡድን በእኛ ሜዳ ሲጫወት ኳሱ የት ጋ ድንጋይ መትቶ እንደሚዞር አያውቅም። የእኛ ልጆች ያውቁታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የየትኛውን ግብ ጠባቂ ዓይን እንደምትወጋ ያውቃሉ። ሲደክማቸው ውኃ ይዛ የምትመጣው እናታቸው ናት። በትልቁ ሜዳም ነገሩ ያው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከቆላ የመጣ እግር ሰባኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኔ የማጀቴው እንኳ የስታዲየሙን ደረጃ ስወጣ አጥሮኛል፤ ሮጦ የሚጫወት እንግዳማ ምን ሊሆን ነው?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ነው የተወሰደብን። ስታዲየሞቻችን የካፍን መመዘኛ አላሟሉም ተብለው ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ዓመታት አለፉ። ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ግብፅን ሊሎንግዌ፣ ማላዊን ማፑቶ፣ ታንዛኒያን ኪንሻሳ። ሞሮኮማ ሁለተኛ ቤታችን ሆነች። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም ሥራ ደግሞ በአሰልጣኝ ላይ አሰልጣኝ ሲፈራረቅ አላለቀም ነበር።

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር የነበረንን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያየሁት እዚሁ ማጀቴ ነው። ሙስሊሙ ረመዳን፣ ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። ጨዋታው ካዛብላንካ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት። የወንድሜ ልጅ አጠገቤ ተቀምጧል። ብሩኖ ፈርናንዴዝ በየትኛው እግሩ ቅጣት ምት እንደሚመታ የሚያውቅ ልጅ ነው። ትንሽ አየና «ጋሼ፣ የእኛ ሜዳ ሞሮኮ ነው እንዴ?» አለኝ። 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሽንፈቱን ለምጄዋለሁ። ጥያቄው ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። በእሱ ዕድሜ እኔ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም የመሄድ ሕልም ነበረኝ። እሱ የት ልሂድ ብሎ ይለም? ከእኛ አካባቢ በሰላም ወጥቶ መግባት ራሱ ስንት ጊዜ ቅንጦት በሆነበት ዘመን፣ ቢያንስ የምንሄድበት ሜዳ በነበረን።

ተከራካሪ አይጠፋም። «በሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 አላሸነፍንም?» አዎ፣ አሸንፈናል። ሰኔ 2014 ነው፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡበትን ያንን ቀን አልረሳውም። ብዙም ሳይቆይ ግብፅ አሰልጣኟን ኢሃብ ጋላልን አሰናበተች። እኛም ዓመት ሳይሞላን ከውበቱ ጋር ተለያየን። አሸናፊውም ተሸናፊውም አሰልጣኝ ሄደ ማለት ነው! አንድ ታላቅ ቀን በሰው ሜዳ ይገኛል፤ ማጣሪያ ግን በአንድ ቀን አይታለፍም። «በሜዳችንም ተሸንፈናል» የሚልም ይኖራል። ልክ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸንፋናለች። ሜዳ ያለው ሁልጊዜ አያሸንፍም። ሜዳ የሌለው ግን የሚተማመንበት ነገር የለውም።

አሰልጣኞችም ጥፋት አለባቸው። ተጫዋች ምርጫቸው ያናድዳል፤ መሪነት ይዘው ወደኋላ የሚያፈገፍጉት ነገር ያቃጥላል። እነዚህ የእነሱ ናቸው፤ ይጠየቁባቸው። ግን አንድ ነገር አስታውሱ። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን ስናበቃ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፋችኋል ተብሎ ሦስት ነጥብ ተነጠቅን። ቢጫ ካርድ መቁጠር ታክቲክ አይደለም፤ የመዝገብ ሥራ ነው። ስታዲየም ማደስም ታክቲክ አይደለም። የመልበሻ ክፍል፣ የመብራት፣ የወንበር፣ የሣር ጥራት፤ እነዚህን አሰልጣኝ ከመስመር ዳር ቆሞ በጩኸት አያስተካክላቸውም።

በእኛ እግር ኳስ አሰልጣኝ ተከራይ ነው። ጣራው ሲያፈስ ተከራዩን እናስወጣለን። አዲሱ ተከራይ ሲገባ «ይኸው መፍትሔ» እንባላለን፤ ጣራው ግን ያው ነው። ይህ ለባለቤቱ ይመቸዋል። አሰልጣኝ ማሰናበት አንድ ደብዳቤ ነው፤ ስታዲየም መጨረስ ዓመታት፣ በጀትና ተጠያቂነት ይጠይቃል። ሕዝቡ በደብዳቤው ከረካ ስለ ስታዲየሙ ማን ይጨነቃል?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ሽንፈት ማግስት ሻይ ቤት ስንገናኝ ጥያቄውን እንቀይረው። «ማን ይምጣ?» ከማለታችን በፊት «የትኛው ስታዲየም፣ ምን ጎድሎት፣ መቼ ይጠናቀቃል፣ ማን ነው ኃላፊው?» እንበል። አዲስ አሰልጣኝ ሲሾም በሚሰጠው መግለጫ ላይ ጋዜጠኞቻችን ስለ አሰላለፍ ከመጠየቃቸው በፊት ይህንን ይጠይቁ። ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ፣ ቡድኑ በገዛ ሣሩ ላይ በቋሚነት ይጫወት። አንድ ሙሉ ማጣሪያ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የሜዳውን ጨዋታዎች በሜዳው ያድርግ።

ከዚያ በኋላ ከተሸነፍን፣ «አሰልጣኙ ይባረር!» ብዬ ከሁላችሁም ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ቸር ያሰማን።