የጋሼ ሊንከን የኋላ ኮፈን

ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ዛሬ ስለ መኪና ኮፈን ነው የማወራው። ስለ ፊቱ አይደለም፣ ስለ ኋላው፣ እኛ እዚህ «ትራንክ» ስለምንለው። «ደግሞ በዚህ ላይ ምን ይጻፋል?» ያላችሁ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ እስከ ታች አንብቡልኝ።

ዌስት አዳምስ የሚኖሩ፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉን። መኪናቸው የ2005 ሊንከን ታውን ካር ናት። ፋብሪካው በ2011 መሥራቱን ቢያቆምም ኤርፖርት ለሠራን ሰዎች ከዚያ በኋላ እንደሷ ያለ መኪና አልመጣም። አራት ትልልቅ ሻንጣ ጭነህ ኮፈኑ ያለ ትግል ይዘጋል። ጋሼም ከአዲስ አበባ 23፣ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ አዲስ ሰው ሁሉ ኤል ኤ ኤክስ ድረስ ሄደው፣ ፌርፋክስ አብልተው፣ ቤቱ የሚያደርሱ ሰው ናቸው። ሳንቲም አይቀበሉም። ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለችው፣ ከተማው በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በሰየማት መንገድ ላይ ያቺን ሊንከን የማያውቅ የለም።

ሰሞኑን ግን ሲደወልላቸው «መኪናዬ አሟታል» ማለት አበዙ። ኮፈኑ አንዳንዴ በሪሞት ይከፈታል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ድምፅ የለውም። አንድ ጋራዥ ወስደዋት ኮምፒዩተር ሰኩባትና «መቀርቀሪያው ከነሞተሩ፣ ከነመቆጣጠሪያው ይቀየር፣ 780 ዶላር» አሏቸው። «ልሸጣት ነው» አሉኝ። ጋሼ ያቺን መኪና ሸጡ ማለት ከቤት መውጣት አቆሙ ማለት ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካቻቪቴና ቴስተር ይዤ ሄድኩ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንከው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቡናውን ያስፈሉ፣ እኔ አዳምጣታለሁ» አልኳቸው።

የኮፈን በሽታ መጀመሪያ የሚታወቀው በጆሮ ነው። በተኑን ስትጫኑት «ቀጭ» ብሎ ካልተከፈተ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ችግሩ ብረቱ ላይ ነው፤ ቆሻሻ ይዞታል፣ ግራሶ ደርቆበታል ወይም ክዳኑ ተጣሟል። ሞተሩ «ዝዝዝ» እያለ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ጥርስ ተበልቷል። ጭራሽ ዝም ካለ ግን ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። የጋሼ ዝም የሚል ዓይነት ነው። በሪሞቱም ዝም፣ በውስጡ በተንም ዝም። ሁለቱ አንድ ቀን ተስማምተው አይሞቱም፣ ስለዚህ በሽታው ከሁለቱ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። በቁልፍ ስከፍተው ደግሞ እንደ ቅቤ ነው የሚከፈተው፣ ብረቱ ጤነኛ ነው። ፊውዙም ደህና ነው። ደግሞስ ፊውዝ ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው፣ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን አያርፍም።

አንዳንዴ መሥራት፣ አንዳንዴ እምቢ ማለት የተበጠሰ ሽቦ ጠባይ ነው። ሽቦው የሚበጠሰው ደግሞ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ወደ ክዳኑ የሚሄደው የሽቦ እሽግ በማጠፊያው በኩል ይሻገራል፣ ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እሱም ይታጠፋል። ሃያ ዓመት ሙሉ!

ኮፈኑ ተከፍቶ እያለ መቀርቀሪያውን በካቻቪቴ እንደተዘጋ አድርጌ ቆለፍኩት። ጋሼ በተኑን እየተጫኑ እኔ እሽጉን ማጠፊያው ጋ ወዘወዝኩት። ዝም... ዝም... ቀጭ! ቴፑን ስልጠው የአንዱ ሽቦ ላስቲክ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። ትንሽ ረዘም ያለ፣ የሚተጣጠፍ ሽቦ ቀጥዬ በየድኩት፣ በሙቀት የሚጣበቅ ቱቦም አለበስኩት። ጠምዝዞ ቴፕ መለጠፍ አይሆንም፣ በወር ውስጥ ይፈታል። ወጪው 20 ዶላር አልሞላም። ሶማሌ ተራ ያደገ መካኒክ ቢሆን ይህን ቡናው ሳይፈላ ያገኘው ነበር። እዚህ ጋራዡ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው፣ ሽቦ ከመፈለግ ሙሉ ዕቃ መቀየር ይቀለዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለሽቦው ብዬ አይደለም። ኮፈኑ ውስጥ በጨለማ የሚያበራ እጀታ አለ፣ ተቆልፎበት የቀረ ሰው ከውስጥ ስቦ የሚከፍትበት። ስስበው ባዶ ነው! ከዚህ በፊት መቀርቀሪያውን የነካካ ሰው ገመዱን ሳይመልሰው ሄዷል። ጋሼ ደግሞ ግቢው ውስጥ ድብብቆሽ የሚጫወቱ ሁለት የልጅ ልጆች አሏቸው።

በ1998 ሰመር፣ በዚሁ በአሜሪካ፣ በ3 ሳምንት ውስጥ 11 ልጆች ኮፈን ውስጥ ገብተው ተቆልፎባቸው ሞተዋል። አደጋው ሦስት ቦታ ነው የደረሰው። ከዚያ በኋላ ነው ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2001 ጀምሮ የሚሠራ ኮፈን ያለው የቤት መኪና ሁሉ ከውስጥ መክፈቻ እንዲኖረው ሕግ የወጣው። እጀታውን ስታዩት አሻንጉሊት ይመስላል፣ ገመዱ ከተፈታ ደግሞ ከአሻንጉሊትም አይሻልም።

ገመዱን ቦታው መልሼ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ጋሼ ቡናቸውን ይዘው ቆመው ዝም አሉ። ከዚያ «የማታዋን ልጅ ደውልላትና እኔው ነኝ የምቀበልሽ በላት» አሉኝ።

እናንተም ዛሬውኑ የራሳችሁን ሞክሩ። ኮፈኑ ክፍት እንደሆነ መቀርቀሪያውን በካቻቪቴ ቆልፉት፣ እጀታውን ሳቡ፣ «ቀጭ» ብሎ መፈታት አለበት። ሳትፈቱት ግን ክዳኑን እንዳትዘጉ፣ ብረት ከብረት ይጋጫል። ከሕጉ በፊት የተሠራ አሮጌ መኪና ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ እጀታው ራሱ መኖሩን እዩ።

ሌክሰስና ካምሪ ያላችሁ፣ ኮፈኔ አልከፈት አለ ብላችሁ ሽቦ ከመቅደዳችሁ በፊት የዳሽቦርዱን ኪስ ክፈቱ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ እዚያ ውስጥ የኮፈኑን በተን የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሠርግ ሄዳችሁ መኪናችሁን ለቫሌ የሰጣችሁ ለት ማን እንደነካካው አይታወቅም።