ቦሎው ታድሷል፣ ዓመታቱስ?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከስልክ ስልክ ሲዞር የዋለውን የአይሱዙ ማስታወቂያ ያላየ ያለ አይመስለኝም። «ሞተሩ ያልተነካ፣ ቦሎው የታደሰ፣ ለሰሊጥ የደረሰ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።» ገንዳ ውሃም መተማ ዮሐንስም ያለው ሰው ከሥሩ አድናቆቱን ሲያዘንብ ዋለ፤ ቀለሙ ተወደሰ፣ ጎማው ተወደሰ፣ ጋቢናው ላይ የተለጠፈው ጥቅስ ሳይቀር ተወደሰ። አምና ለምርመራ ሲቀርብ ምን ተብሎ እንደነበር የጠየቀ ግን አንድም ሰው አላየሁም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ቦሎ የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ነው፤ ያረጀ መኪና ስንገዛ ግን የምንገዛው ያለፉትን ዓመታት ነው። ስለዚህ ከቦሎው በፊት የዓመታቱ መዝገብ ይጠየቅ።

ምርመራውን ማጣጣሌ አይደለም። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመርመር ማለቱ ተገቢ ነው። ማሽኑም ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጭሱን ያያል። የሚያየው ግን በዚያ ሰዓት ፊቱ የቆመውን ነው። ቴስታታ አይፈታም፣ ፋሻው ምን ያህል እንደተበላ አይለካም። በቆላ ደግሞ መኪና የሚያልቀው ማሽኑ በማያይበት በኩል ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ኩላንት ቀርቶበት የተገኘው ውሃ ሁሉ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ውስጡ ይደፈናል። «ይሞቃል» ሲባል ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል፤ በሽታው ሳይድን ምልክቱ ይጠፋል። አቧራው በተቀደደ የአየር ማጣሪያ ቱቦ ይገባና ፒስተንና ፋሻውን ቀስ እያለ ይፈጫል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካ የዋጠውን መኪና ትራክተር በሰንሰለት ይመነጭቀዋል፤ ሻንሲው ይጣመማል፣ ከዚያ ይቃናል፣ ይበየዳል፣ ስቱኮና ቀለም ይለብሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍሬኑ ከያዘና መብራቱ ከበራ ቦሎውን ይወስዳል። ሕጉ አልተጣሰም፣ ማንም አልዋሸም፤ ገዢው ግን ምንም አላወቀም።

ይችን «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሏትን ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የሚሸጠው መኪና ነው ወይስ የመንግሥት ምስጢር? ዋጋውን የሚደብቅ ሻጭ መጀመሪያ የሚመዝነው ገዢውን ነው፦ ስንት ሄክታር ያርሳል፣ ሰሊጡን ሸጧል ወይስ ገና ነው፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ አለው? ዋጋው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ደላላውም ከሁለቱም ወገን ኮሚሽኑን ይዞ መሀል ላይ ይስቃል። «ሞተሩ ያልተነካ» ደግሞ ጭራሽ ያንገበግበኛል። አነጋገሩ ራሱ ከጋራዥ ይልቅ የሽምግልና ነው፤ ልጅ ልንድር የተቀመጥን ይመስላል። ሃያ ዓመት ጭነት የተሸከመ ሞተር አልተነካም ከተባለ ሊያስፈራን እንጂ ሊያስደስተን አይገባም። በወጉ ተፈትቶ ፋሻና ኩሽኔታው ተቀይሮ የዕቃው ደረሰኝ የተቀመጠለት ሞተር በስንት ጣዕሙ! ሌላው የደላላ መዝሙር «የድርጅት መኪና ነበር» ነው። በደላላ አፍ ከሆነ በዚህ አገር ከእርዳታ ድርጅት ያልወጣ ላንድክሩዘር የለም። ለመሆኑ ድርጅቶቹ በምን ሲሄዱ ኖሩ?

እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ። «ቶዮታና አይሱዙ አይሞትም» የሚሉኝ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ግን ያ ስም ለፋብሪካው ይመሰክራል እንጂ ፊታችሁ ለቆመው መኪና አይመሰክርም። «መካኒክ ይዤ ሄጄ አስደምጫለሁ» የሚለው ከዚህ የተሻለ ክርክር ነው። መካኒክ ይሂድ፣ የግድ ነው። ሆኖም እሱም እንደ ማሽኑ የዛሬውን ነው የሚሰማው። ሻጭ ገዢ ሳይደርስ ሞተሩን አሙቆ ሊጠብቅ ይችላል፤ ወፍራም ዘይት ድምፁን ያለዝባል፤ ኪሎ ሜትሩም ወደኋላ ይመለሳል። ዛሬን ማሳመር ቀላል ነው። አምስት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ማሳመር ግን ከባድ ነው፣ ዋናው ነጥቤ እሱ ነው። በእንግሊዝ ማንም ሰው የሰሌዳ ቁጥር አስገብቶ የመኪናውን ዓመታዊ ምርመራ ከ2005 በአውሮፓውያን ጀምሮ በነጻ ያያል፤ መቼ እንዳለፈ፣ መቼ እንደወደቀ፣ በምን እንደወደቀ፣ በዚያ ቀን ኪሎ ሜትሩ ስንት እንደነበር። አንዱ ዓመት ላይ ቁጥሩ ከቀነሰ ውሸቱ በራሱ ይናገራል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መስኮት የለም፤ ግን መኪናው በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ፋይል አለው፣ ባለንብረቱም ፋይሉን መጠየቅ ይችላል። አብራችሁ ሂዱ በሉት። ያለፉትን ዓመታት የምርመራ ወረቀት አምጣ፣ ከኢንሹራንሱ አደጋ ተመዝግቦበት እንደሆነ አስጽፍ በሉት። እውነተኛ ሻጭ ግማሽ ቀን እንጂ ሌላ የሚያጣው ነገር የለም። የተቆጣ ሻጭ ደግሞ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ድንበር ላይ መሆናችን ነገሩን ያከብደዋል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በገላባት በኩል ምን ያህል ሰው ነፍሱን ይዞ እንደተሻገረ ታውቃላችሁ። ከወዲያ የመጣ መኪና ዋጋው ሲያስጎመጅ መጀመሪያ የሚታየው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ነው፤ ቀጥሎ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙ። «እዚህ ማን ይጠይቃል?» ይባላል። እዚህ አይጠየቅ ይሆናል፤ ጎንደር ላይ ወይም መልሳችሁ ስትሸጡት ይጠየቃል። ወረቀት የሌለው መኪና ገዢ እንጂ ባለቤት የለውም።

በጣም የማከብረው ተቃውሞ ግን «ምርጫ የለንም» የሚለው ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ግብሩን አከበደው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተወደደ። ታሪኩ የጠራ እስኪገኝ ልጠብቅ የሚል ገበሬ ሰሊጡ ማሳ ላይ ይረግፍበታል። ገብቶኛል። ታሪክ ይጠየቅ ስል ግን የታመመ አትግዙ ማለቴ አይደለም፤ ሕመሙን አውቃችሁ በሕመሙ ልክ ክፈሉ ነው። ቴስታታው የተላጨ መኪና የራሱ ዋጋ አለው፣ ሻንሲው የተበየደም የራሱ። በጤነኛ ዋጋ የታመመ ገዝቶ ለፍሬን ሸራ ገንዘብ ያጠረው ሰው በጥቅምት ያንኑ መኪና ሳሉግ የሚባሉትን የቀን ሠራተኞች ጭኖ ከአይከል ወደ ነጋዴ ባሕር ያወርደዋል። ከላይ የተሳፈሩት ልጆች ሊብሬውንም ቦሎውንም አላዩም። ለቀን ሥራ ነው የወጡት። ስማቸው እንኳ የትም አልተጻፈም፤ መኪናው ሲገለበጥ «የጉልበት ሠራተኞች» ተብለው ይታለፋሉ።

ከመዝገቡ በተጨማሪ ምርመራ ከፈለጋችሁ ከማንም ማሽን የሚበልጥ አለላችሁ፦ መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አይከል ከ2,000 በላይ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ጭነት ይኑረውና ያን ዳገት ያውጣው፤ ሙቀቱን የሚያሳየው ቀስት የት እንደሚደርስ እያያችሁ ጋቢና ተቀመጡ። ሻጩ ነዳጅ ተወደደ ካለ ነዳጁን እናንተ ሙሉ።