ፖታሲየም-40 በቴፒ

ህዳር። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ሲኬድ ግራ ቀኙ ቡና ነው። እሸቱ ቀልቷል፣ ሰዉ ለቀማ ላይ ነው፤ በየደጁ የማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል ተሰጥቷል።

ቴፒ ደርሼ አንዲት እናት ቡና የሚያፈሉበት ደጃፍ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ወጣት የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ቤታ መፍረስ የሚሉት ነገር እዚህ አገር የት ይገኛል?» አለኝ። ሲኒውን አሳየሁት።

ቡና ከአፈር ብዙ ፖታሲየም የሚስብ ተክል ነው። ከተፈጥሮ ፖታሲየም 0.0117 በመቶው ፖታሲየም-40 ነው፤ በአንድ ግራም ፖታሲየም ውስጥ በየሴኮንዱ 31 ያህል ኒውክለሶች ይፈርሳሉ። ከመቶው 89 ያህሉ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ ለቀው ካልሲየም-40 ይሆናሉ፤ ቤታ መፍረስ የሚባለው ይህ ነው፤ የቀሩት ከአተሙ ኤሌክትሮን ስበው ወደ አርገን-40 ይለወጣሉ። እማማ ደንገጥ ብለው «ይጎዳል እንዴ?» ሲሉ፣ አይጎዳም አልኳቸው። በገዛ ሰውነታችን ውስጥም በየሴኮንዱ 4 ሺህ ያህሉ ይፈርሳሉ።

እኔን የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ለብቻው የወጣ ኒውትሮን ግማሽ ዕድሜው 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የፖታሲየም-40 ደግሞ 1.25 ቢሊዮን ዓመት። ሁለቱንም የሚያፈርሰው በፊዚክስ ደካማው ኃይል የሚባለው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1930 ከኤሌክትሮኑ ጋር አብሮ የሚወጣ የማይታይ ቅንጣት አለ ብሎ ገመተ፤ ሌላው ሊቅ ፌርሚ በ1934 ባሳተመው ቀመር የመፍረሱን ፍጥነት ማስላት ተቻለ።

ለተማሪው ደብተሩ ላይ ሣልኩለት። ፖታሲየም-40 ፕሮቶኑ 19፣ ኒውትሮኑ 21 ነው። ፕሮቶንና ኒውትሮን በደረጃ በደረጃ ይደረደራሉ በሚለው የሼል ሞዴል፣ ደረጃው ከሚሞላባቸው ቁጥሮች አንዱ 20 ስለሆነ፣ ትርፉ ኒውትሮን ፕሮቶን ሆኖ የጎደለውን ቦታ ቢሞላ 20 በ20 ይገጥማል። ጉልበቱም ይፈቅዳል፤ 1.31 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይተርፋል። የሚያዘገየው ስፒኑ ነው። ኒውክለሱ እንደ እንዝርት የያዘው ዙረት 4 ነው፤ የካልሲየም-40 ዜሮ። ይህን ሁሉ ዙረት ይዘው መውጣት ያለባቸው ኤሌክትሮኑና አንቲኒውትሪኖው ናቸው፤ ጉልበታቸው ትንሽ፣ የሚነሱበትም ኒውክለስ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ይህ የሚሆንበት ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። ልጁ ሥዕሉን ደጋግሞ አየና «ለካ ዕድሜውን የሚወስነው የውስጡ አደራደር ነው» አለ። በትክክል ገብቶታል።

ዝግታው ለአገራችን ውለታ ውሏል። በድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመው አርገን የእሳተ ገሞራን ዕድሜ ይናገራል። በኦሞ ኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው ቅሪት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት እንደሚሆነው በ2022 የታወቀው፣ በላዩ ያረፈው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ተዛምዶና ፍንዳታው በአርገን ተለክቶ ነው።

የፖታሲየም-40ን የመፍረስ ፍጥነት ለማስላት ሪአክተር አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ አንድ ኮምፒውተርና የሚያስረዳ መምህር ይበቃል። በቡና አገር የምታስተምሩ የፊዚክስ መምህራን፣ ቤታ መፍረስን ከፖታሲየም-40 ጀምራችሁ አስተምሩ።