የተዋስነው ሌንስ

አዋጥተን አሮጌ ኒኮን ዲ3100 በገዛን ጊዜ የወልድያን ፎቶግራፍ አንሺዎች እንጀራ የነጠቅን መስሎን ነበር። የሀብሩው ጓደኛችን እኅቱን ሲድር ልናነሣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ተውሰን ወደ መርሳ ወረድን። ሌንሱ ቀጭ ብሎ ገጠመ፤ «ኤኤፍ»፣ ማለት ራሱ ያነጣጥራል፣ ተብሎም ተጽፎበታል። በካሜራው ትንሽ መስኮት ሁሉም ደኅና መሰለን፤ ዳሩ ግን ማታ በኮምፒዩተር ብናየው የሙሽራይቱ እናት ፊት ጭጋግ ሆኗል።

ለካስ የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሠረቱ ስላልተለወጠ መግጠም ማስረጃ አይሆንም ኖሯል። «ዲ» የሚል ምልክት ያለበት የእኛ ሌንስ የራሱ ሞተር የለውም፤ የሚያዞረው ከካሜራው አፍ ብቅ የምትል ካቻቪቴ መሳይ ብረት ናት። ዲ90 ይህች ብረት አለችው፤ የእኛው የለውም፤ ሞተሩን በሆዱ የያዘ «ኤኤፍ-ኤስ» ሌንስ ይሻል።

አሁን ቀለበቱን በእጃችን እያዞርን በመመልከቻው ግርጌ አረንጓዴዋ ነጥብ እስክትረጋ እንጠብቃለን። እናቲቱን መርሳ ገበያ ስናያቸው ግን አሁንም መንገድ እንቀይራለን።